ተሰደደ፣ ፈለሰ፣ ወጣ፣ ቀረ፦ የትኛው ቃል ለማን?

ጥያቄው የመጣው አምባሳደር አካባቢ ካለ አንድ ትርጉም ቤት ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላሉ፦ «ከአገር ለወጣ ሰው ሁሉ ‹ስደተኛ› ብዬ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ግን ሁለት ደንበኞች ሰነዱን መለሱብኝ። አንዷ ጅዳ በኮንትራት የሠራች ናት፤ ‹ሠርቼ የመጣሁ ነኝ እንጂ ስደተኛ አይደለሁም› አለች። ሌላው እዚህ አዲስ አበባ የሚኖር ኤርትራዊ ነው፤ ‹ፍልሰተኛ› ብዬ ብጽፍበት ‹መብቴን ቆረጥክብኝ› ብሎ ተቆጣ። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ለየትኛው ሰው የትኛውን ልጠቀም?»

ሁለቱም ደንበኞች ልክ ናቸው። አማርኛ ከአገር የወጣን ሰው የሚለየው በሄደበት ርቀት ሳይሆን በገፊው ነው። ሰውየውን ያስነሳው ምንድን ነው? ራሱ ተነሣ ወይስ አስነሡት? መመለሻ በሩ ክፍት ነው ወይስ ተዘግቶበታል? ይህን ሳይጠይቁ ብዕር ማንሣት ነው ችግሩን ያመጣው።

ከ«ስደት» ልጀምር፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጸመው በእርሱ ላይ ነውና። «ሰደደ» በግእዝ አባረረ ማለት ነው። ዛሬ በምንናገረው አማርኛ «ደብዳቤ ሰደደ»፣ «ሥር ሰደደ» ስንል መላክና መልቀቅ ሆኖ ለዘብ ብሏል፤ «አሳደደ» ግን የጥንት ኃይሉን እንደያዘ ነው። «ተሰደደ» ማለት እንግዲህ ተባርሮ ወጣ ማለት ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ስለ ጽድቅ የሚሰደዱ ብፁዓን ናቸው» ሲባል፣ በሐዋርያት ሥራም በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ላይ «ታላቅ ስደት ሆነ» ሲባል፣ ነገሩ ጉዞ ሳይሆን መከራ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቀው ዘመነ ጽጌ የሚታሰበው የእመቤታችን ስደትም አሳዳጁ ሄሮድስ በስም የታወቀ ነው። ስደት ካለ አሳዳጅ አለ። አሳዳጁ መንግሥት ሊሆን ይችላል፣ ጦርነት ሊሆን ይችላል፣ በተራው አነጋገር ረሃብም ሊሆን ይችላል፤ «ረሃብ አሰደደው» ብንል ማንም አይቃወመንም።

ሕጉ ግን እንደ ተራው አነጋገር ሰፊ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት ስደተኛ የሚለው፣ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት እንዳይሳደድ በቂ ሥጋት ኖሮት ከአገሩ ውጭ ያለውን ሰው ነው። ረሃብ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት በሩን አሰፋው፦ የውጭ ወረራ፣ በባዕድ ኃይል መያዝና የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ ያናጉ ክስተቶች ተጨመሩ። የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሁለቱንም ትርጉሞች ይዟል። ስለዚህ በሕግ ሰነድ ላይ «ስደተኛ» የሚለው ቃል የሐዘን መግለጫ ሳይሆን የመብት ስም ነው። በእንግሊዝኛ «ሪፊውጂ» ለሚለው የቆመ ነው፤ «ማይግራንት» ለሚለው አይሆንም።

ኤርትራዊው ደንበኛዎ የተቆጣው ለዚህ ነው። የ1951ዱ ስምምነት በአንቀጽ 33 ስደተኛን ወዳሳደደው አገር በግድ መመለስን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 31 ደግሞ ከሥጋት በቀጥታ የመጣና ሳይዘገይ ለባለሥልጣን ያመለከተ ስደተኛ ያለፈቃድ ገባ ተብሎ እንዳይቀጣ ይጠብቀዋል። «ፍልሰተኛ» ለሚባል ሰው እነዚህ ሁለት ከለላዎች የሉም። ሰነዱን ሲያርሙ በመጀመሪያ የያዘውን ወረቀት ይዩ። የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት እውቅና ከሰጠው «እውቅና ያገኘ ስደተኛ» ይበሉ። ማመልከቻው ገና ከሆነ «ጥገኝነት ጠያቂ» ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መሥመር በገዛ ርኅራኄዎ አይሻገሩ፤ ያላገኘውን ደረጃ ቢሰጡት ነገ ቃሉ ከመዝገቡ ጋር ሲጋጭ ተጎጂው ራሱ ነው። «ጥገኛ» ብለውም አያሳጥሩት። «ጥገኛ» ብቻውን ሲቆም በሌላ ላይ ተለጥፎ የሚኖር ማለት ይሆናል፣ ተባይንም እንዲሁ እንላለን። «ጥገኝነት ጠየቀ»፣ «ጥገኝነት ተሰጠው» ብሎ ሙሉውን መጻፍ ነው።

ባለጉዳዮች በቃል ሲያስረዱ «አሳይለም ጠይቄ ኬዜ ተዘጋ፣ በኋላ ወረቀት አገኘሁ» ይላሉ። እዚህ «ወረቀት» ማለት ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ቃል በቃል ከተረጎሙት አንባቢው ምን ወረቀት እንደሆነ አያውቅም። የቱን እንዳገኘ ይጠይቁት፦ ጊዜያዊ ፈቃድ ነው፣ ቋሚ መኖሪያ ነው ወይስ ዜግነት?

ወደ «ፍልሰት» ስንመጣ ገፊው ይጠፋል። ፈለሰ ማለት ከአንድ ስፍራ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሄደ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 16 የምንጾመው ፍልሰታ ከዚሁ ሥር ነው፤ የቅዱሳን አፅም ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወርም «ፍልሰተ ዐፅም» ይባላል። በዚህ ውስጥ አሳዳጅ የለም። ስለዚህ «ከገጠር ወደ ከተማ ፍልሰት»፣ «የምሁራን ፍልሰት»፣ «የአዕዋፍ ፍልሰት» እንላለን፤ ሁሉም ትክክል ነው። ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ቃሉ የብዙኃን ቃል ነው። «ወንድሜ ወደ ካናዳ ፈለሰ» የሚል ሰው ሰምተን አናውቅም። ለጥናት፣ ለፖሊሲና ለዜና ይስማማል፤ የአንድን ሰው ታሪክ ለሚናገር ቃለ መሐላ ግን ባዕድ ይሆናል። ለአንድ ሰው «ሄደ»፣ «ወጣ»፣ «ኖረ» ይበቃል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። «ፈላሻ» የሚለውን ስም ብዙዎች ከዚሁ ሥር ያመጡታል፤ ባለቤቶቹ እንደ ስድብ ስለሚያዩት በጽሑፍ «ቤተ እስራኤል» ማለት ይገባል። በግንቦት 1983 ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲወሰዱ፣ ለእነርሱ ነገሩ ስደትም ፍልሰትም አልነበረም፤ ወደ ተስፋው ምድር መመለስ ነበር፣ ቃላቸውም «ዓሊያ» ነው። ሙስሊሞች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢዩ ተከታዮች ወደ ሐበሻ የመጡበትን ጉዞ «የመጀመሪያው ሂጅራ» ይሉታል። እንዲህ ያለውን የእምነት ቃል በራሳችን ቃል መተካት ለባለቤቱ ትርጉሙን ማጥፋት ነው፤ እንዳለ ይቀመጥ።

የጅዳዋ ሴት ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በውል፣ በቪዛና በኤጀንሲ የሄደች ሠራተኛ በሕጋችን ስደተኛ አይደለችም። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ በ1246/2013 የተሻሻለው፣ ሠራተኛ ይላታል፤ ያገናኛት ድርጅትም ፈቃድ ካለው «አገናኝ ኤጀንሲ» ነው፣ ከሌለው ግን ደላላ ነው። ሰነዷ ላይ እንዲህ ቢሰፍር ይበቃል፦ «በውጭ አገር የሥራ ስምሪት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄዳ፣ በጅዳ ከተማ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በቤት ሠራተኝነት ሠርታ ተመልሳለች።» ይህ የሥራ ልምድ ነው። «ስደተኛ ነበረች» ቢባል ግን ሥራዋ ከሰነዱ ይሰወራል፣ ሌላ ቦታ ቪዛ ስትጠይቅም የማያስፈልግ ጥያቄ ያስነሣባታል። ሕጉ ያልፈቀደው መንገድ ከሆነም ይኸው ነው፦ አካሄዷን በቃሏ ይጻፉ እንጂ ስም አይለጥፉባት።

እዚህ ላይ «ጠፋ» የሚለው ቃል ይመጣል። አረብ አገር የሠሩ እኅቶቻችን «ከመዳም ቤት ጠፋሁ» ሲሉ መንገድ ሳቱ ማለት አይደለም። ፓስፖርት ተይዞባት፣ ደመወዝ ተከልክላ ወይም ተደብድባ በር ከፍታ ወጥታለች ማለት ነው። ቃል በቃል የተረጎመ ሰው አንዲትን የተበደለች ሠራተኛ ከተማ ውስጥ አቅጣጫ የጠፋባት ያደርጋታል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በነበረውና በየአገሩ በተለያየ መጠን ባለው የከፋላ (የአሠሪ ዋስትና) አሠራር የሠራተኛዋ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ አሠሪው «ሁሩብ» (ከሥራ ጠፍታለች) ብሎ ካስመዘገበባት ያለ ፈቃድ የምትኖር ትሆናለች። ስለዚህ «ጠፋች» ብቻ ብለው የጻፉት ቃል የአሠሪውን ክስ የሚያጸና ምስክርነት ሊሆን ይችላል። «ከአሠሪዋ ቤት ሸሽታ ወጣች» ይበሉና ምክንያቱን እዚያው ዐረፍተ ነገር ላይ ያስከትሉ፦ ስንት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈላት፣ ፓስፖርቷ በማን እጅ እንደቀረ፣ ምን ጉዳት እንደደረሰባት። ምክንያቱ ሌላ ገጽ ላይ ከቀረ አንባቢው ዐይኑ እስኪደርስ ፈርዶ ይጨርሳል።

«ጠፋ» ስለ ስፖርተኛና ስለ ልዑካን ቡድን ሲነገር ሌላ ነው፤ ከቡድኑ ተለይቶ እዚያው ተሰወረ ማለት ነው። ለዚህ ይበልጥ የተረጋጋው ቃል «ቀረ» ነው። «ለትምህርት ሄዶ በዚያው ቀረ»፣ «ስብሰባ ሄዳ ቀረች»። «ቀረ» አያወግዝም፤ በሕጋዊ መንገድ መሄዱን፣ ሳይመለስ መቆየቱን ብቻ ይናገራል። «ኮበለለ» ግን ፍርድ አለበት፦ የነበረበትን ግዴታ በስውር ጥሎ ሄደ፣ ጌታውን፣ ትዳሩን ወይም ክፍሉን። «ከዳ» ደግሞ ከዚያም አልፎ የእምነት መጉደል ነው፤ ለወታደር፣ ለአብራሪና ለዲፕሎማት ይባላል። አንድን ሰው በራስዎ ብዕር «ከዳ» ማለት ከሳሽ መሆን ነው። ሰነዱ ላይ ካለ ይተርጉሙት፣ ከሌለ አይጨምሩት።

«ወጣ» ከሁሉ ገለልተኛው ነው፤ ጥርጣሬ ሲገባዎ ወደ እርሱ ይመለሱ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 የሚያረጋግጠው መብትም በፈለጉት ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት ነው። እናቶች በቤት ውስጥ የሚሉትን ያድምጡ፦ «ልጄ ውጭ ናት»፣ «ልጄ ሰው አገር ነው»። «ተሰደደ» ብለው ለራሳቸው ልጅ እምብዛም አይሉም፤ ክብደቱን ያውቁታልና።

ስለ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ሁለት ቃላት ብቻ ልለይ፦ ስደትና ግዞት። ስደተኛ አሳዳጁ ቢኖርም እግሩ የራሱ ነው፤ ግዞተኛ ግን ያሰረው መንግሥት በመረጠለት ቦታ ተወስዶ የተቀመጠ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጥተው በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሲኖሩ በስደት ነበሩ። ራስ እምሩ በጣሊያን ተይዘው ወደ ፖንዛ ደሴት ሲወሰዱ ግን በግዞት ነበሩ፤ ከየካቲት 12 በኋላ ወደ አዚናራ ደሴት የተጋዙት መኳንንትም እንዲሁ። በ1860 ከመቅደላ ጦር ጋር ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ በሁለቱም ቃል አይገባም፦ አልተሰደደም፣ ተፈርዶበትም አልተጋዘም፤ ተወሰደ። ግሡን እንዲሁ መተው ለእውነቱ ይቀርባል። ከነፃነት በኋላ በከተማችን «አርበኛ፣ ስደተኛ፣ ባንዳ» እየተባለ ሰው ሲመደብ «ስደተኛ» የፖለቲካ ወገን ስም እስከመሆን ደርሶ ነበር፤ የዚያን ዘመን ሰነድ የሚያነብ ሰው ቃሉን በዛሬው ትርጉም ከወሰደው ይሳሳታል። በ1983 ከተለወጠው ሥርዓት በኋላ ለዓመታት «ስደተኛው ሲኖዶስ» ሲባል የነበረውም እንዲሁ ወገን ያለበት አጠራር ነበር፤ «በስደት የነበረው ሲኖዶስ» ማለት የተሻለ ነው።

ድንበር ያልተሻገረ ሰው ስደተኛ አይባልም። በግጭት ወይም በድርቅ ከቀዬው የተነሣ «የአገር ውስጥ ተፈናቃይ» ነው። ከፈነቀለ የመጣ ነው፤ ድንጋይን ከመሬት በኃይል ማንሣት። እ.ኤ.አ. በ2009 ካምፓላ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት ስምምነት ስለ እነዚህ ሰዎች ነው። እዚህ መሐል ከተማ ደግሞ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ቤታቸው የፈረሰ ነዋሪዎች «ተፈናቀልን» ይላሉ፤ የመንግሥት ደብዳቤ «የልማት ተነሺ» ይላቸዋል። ሁለቱ ቃላት የተለያየ መብት ስላላቸው ሲተረጉሙ አይቀያይሯቸው፦ ደብዳቤው ላይ «ተነሺ» ካለ ተነሺ፣ አቤቱታው ላይ «ተፈናቃይ» ካለ ተፈናቃይ።

ጋዜጣ ላይ በየቀኑ የምናየው «ሕገወጥ ስደት» ደግሞ ሦስት ነገር ይደባልቃል። ያለ ሰነድ በመተማ፣ በሞያሌ ወይም በጅቡቲው ኦቦክ በኩል የሚወጣ ሰው አካሄድ «መደበኛ ያልሆነ ፍልሰት» ነው። ገንዘብ ተቀብሎ ድንበር የሚያሻግረው ሰው ወንጀል «ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር» ነው፤ ተሻጋሪው ፈቅዶ ነው የሄደው። «በሰው መነገድ» ግን ለብዝበዛ ሲባል ሰውን በማታለል፣ በማስገደድ ወይም ችግሩን በመጠቀም መመልመልና ማጓጓዝ ነው፤ ድንበር መሻገር አያስፈልገውም፣ ከወረዳ ወደ አዲስ አበባ ለቤት ሥራ የመጣች ሕፃንም ልትወድቅበት ትችላለች፣ ሕፃኗ «እሺ» ማለቷም ወንጀለኛውን አያድነውም። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሁለቱን ለይቶ ያያል። አንዱ ጉዞ በማሻገር ተጀምሮ በመነገድ ሊያልቅ ይችላል፦ መተማ ላይ ተስማምታ የወጣች ልጅ ሊቢያ ውስጥ ታግታ ቤተሰቧ ማስለቀቂያ ሲጠየቅ ነገሩ ተለውጧል። ቃለ ምልልሷን ሲጽፉ የተለወጠበትን ቦታና ቀን ያስፍሩ፤ «ሕገወጥ ዝውውር» የሚለው ደፋፍኖ የሚያልፈው ቃል ተጎጂዋን ከተባባሪው አይለይላትም።

ተቋማቱንም አያምታቱ። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች አሉ፤ ዜናው ሁለቱንም «የስደተኞች ድርጅት» ይላቸዋል። ስለ ስደተኛ መብት የሚመለከተው የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ነው፤ ተመላሾችን የሚያጓጉዘውና ስለ ፍልሰት የሚሠራው ዓለም አቀፍ የፍልሰት ድርጅት ነው። ደንበኛ «ከስደተኞች ድርጅት ደብዳቤ አለኝ» ካለ አርማውን ሳያዩ አይጻፉ።

ስለ መመለስ አጭር ነኝ። በፈቃዱ የመጣ «ተመላሽ» ነው። በግድ የመጣ «ተባረረ» ወይም «ተጠርዞ ተመለሰ» ይባላል፤ መንደር ውስጥ «ዲፖርት ሆነ» ነው። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በወራት ውስጥ ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰዎች ሲመጡ ሁሉም «ከስደት ተመላሽ» ተባሉ፤ አብዛኞቹ ግን ተባርረው ነበር። ልዩነቱ ወደፊት በቪዛ ፎርም ላይ «ተባርረህ ታውቃለህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ ስለሚወስን የደንበኛዎ ሰነድ ትክክለኛውን መያዝ አለበት።

«ዳያስፖራ» የሕግ ደረጃ አይደለም፤ በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊንም ዜግነቱን የለወጠንም ያቅፋል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ በአዋጅ 270/1994 «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» ነው፣ ቢጫ ካርድ የምንለውም በዚህ የሚሰጥ መታወቂያ ነው። ስለዚህ ውክልና ወይም የውርስ ሰነድ ላይ «ዳያስፖራ» ብለው አይጻፉ። ወይ ዜጋ ነው፣ ወይ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋ ነው፤ ፓስፖርቱን አይተው ይወስኑ።

በመጨረሻ ውልና ማስረጃ ደርሶ የሚመለስ ስሕተት፦ የአዋጅ ዓመት። አማርኛው «1110/2011» ሲል ዓመቱ የእኛ ነው፤ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ይኸው አዋጅ 1110/2019 ነው። 1178/2012ም በእንግሊዝኛ 1178/2020 ይሆናል፣ 923/2008 ደግሞ 923/2016። ቁጥሩን እንዳለ ካሻገሩ በሌላ ዓመት የሌለ አዋጅ ይጠቅሳሉ። ከአገር የወጡበትን ቀን ሲለውጡም ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ ላለው 8 ዓመት ይጨምሩ፤ ቀኑን ግን በደፈናው ሳይሆን በመቁጠሪያ ያረጋግጡ፣ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ላይ «ቀኑ ይጋጫል» ተብሎ ጉዳይ የሚጣልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላልና። ጥርጣሬ ካለ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ያስፍሩ፣ አንዱን «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብለው።